ለተክሉ ጋዝ፣ ለዓሣው ትንፋሽ

ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። የመስታወቱ ገንዳ መብራት ከበራ ስድስት ሰዓት አልፎታል። ተክሎቹ ቅጠላቸው ላይ ዕንቁ የመሰሉ ጥቃቅን የኦክስጅን አረፋዎች አንጠልጥለዋል፤ አረፋዎቹ አንድ በአንድ እየተላቀቁ ወደ ላይ ይወጣሉ። ላየው ሰው የጤና ምልክት ነው። በውሃው ገጽ ላይ የሚታየው ግን ሌላ ነው። ጠዋት ከግንዱ ሥር ተሰብስበው ይዋኙ የነበሩት ካርዲናል ቴትራዎች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ስንጥባቸው ከወትሮው ፈጥኖ ይርገበገባል። ገንዳው በኦክስጅን ተሞልቶ ሳለ ዓሦቹ መተንፈስ ከብዷቸዋል።

ያስጨነቃቸው ባለቤታቸው ለተክሎቹ ብሎ ያስገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አምቦ ውሃ ሲከፈት ሽው የሚለው፣ ምጣድ ላይ የእንጀራን ዓይን የሚያወጣው ያው ጋዝ። ተክል ያለ እሱ አያድግም፣ ዓሣ ደግሞ ሲበዛበት ይታፈናል። ሁለቱን በአንድ መስታወት ውስጥ የሚያኖር ሰው ታዲያ ምን ያህል ያስገባ? ልኩንስ ማን ይወስነው? መሣሪያው፣ ተክሉ ወይስ ዓሣው? የተክል አኳሪየም አፍቃሪዎች ለአርባ ዓመታት ያህል ሲከራከሩበት የኖሩት ጥያቄ ይህ ነው።

ነገሩ ሲጀመር ጋዝ የሚጨምር ሰው አልነበረም። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን ሁለት የወርቅ ዓሦችን ቫሊስኔሪያ ከሚባል የውሃ ሣር ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ አኖረና ያየውን እ.ኤ.አ. በ1850 ለለንደን የኬሚስቶች ማኅበር አቀረበ። ዓሦቹ የሚያስወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክሉ ይወስዳል፤ ተክሉ የሚያወጣውን ኦክስጅን ዓሦቹ ይተነፍሱታል፤ የሚበሰብሰውን ቅጠል እንዲበሉለት ደግሞ ቀንድ አውጣዎች ጨመረ። በዚያ ዕቃ ውስጥ የጋዙ መጠን ዓሦቹ ተንፍሰው ከሚያስወጡትና ከብስባሹ ከሚወጣው አይበልጥም ነበር።

ይህ ልክ በስፋት የተሰበረው በ1980ዎቹ ነው። ጀርመናውያኑ ካስፓር ሆርስትና ሆርስት ኪፐር ጋዝ መጨመርን ከብርሃን፣ ከማዳበሪያና ከውሃ ሙቀት ጋር አያይዘው በመጽሐፍ አስተማሩ። ጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ታካሺ አማኖ በ1982 ኩባንያውን አቋቋመና የገንዳ ውስጥ የአትክልት ቦታን ወደ ሥነ ጥበብ አሳደገው። ከማረፉ ጥቂት ወራት በፊት፣ በ2015 የጸደይ ወራት፣ በሊዝበን ኦሴናሪዮ የሠራው ገንዳ 40 ሜትር ይረዝማል፤ 160,000 ሊትር ውሃ ይይዛል። ከ2001 ጀምሮ ኩባንያው በሚያዘጋጀው ዓለም አቀፍ ውድድር ከመመዘኛዎቹ አንዱ ሥራው ለዓሣ የተፈጥሮ መኖሪያ መምሰሉ ነው። ዳኞቹ የሚያዩት ግን ፎቶግራፍ ነው። በፎቶግራፍ ላይ ቅጠል ይታያል፤ የስንጥብ ፍጥነት አይታይም።

ተክሉ ጋዙን የሚፈልገው በምክንያት ነው። አየር ላይ ያለ ቅጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድን እንደልብ ያገኛል። ውሃ ውስጥ ግን ጋዝ የሚሰራጨው አየር ላይ ከሚሰራጭበት በ10,000 እጥፍ ገደማ በዘገየ ፍጥነት ነው። ከአየር ጋር ብቻ የተመጣጠነ የ25 ዲግሪ ውሃ በሊትር ግማሽ ሚሊግራም ያህል ብቻ ይይዛል። መብራቱ እንደበራ ተክሎቹ ይህቺን ይጨርሷትና ብርሃን አስተፃምሮ ይቆማል። ብርሃኑ ግን አይቆምም፤ በትንሽ የሚጠግበው አልጌ ቦታውን ይወስዳል። ብዙ አፍቃሪዎች ጋዝ የሚገዙት ይህን አይተው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የዴንማርክ ጥናት ሊታወስ ይገባል። ትሮልስ አንደርሰንና ኦሌ ፔደርሰን በ2002 ሪቺያ በምትባል ተንሳፋፊ ተክል ላይ ባሳተሙት ሥራ ብርሃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንዱ የሌላውን እጥረት በከፊል እንደሚያካክስ አሳይተዋል። ብርሃኑ ደብዛዛ ቢሆንም ትንሽ ጋዝ ሲጨመር ተክሏ በግልጽ ታድጋለች፤ ጋዝ በቀላሉ ስታገኝ ጉልበቷን ብርሃን ለመሰብሰብ ታውላለችና። ብርሃን ሲጨምር የጋዝ ጥማቱም አብሮ ይጨምራል። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለዓሣውም ይጠቅማል፤ ባለገንዳው ዓሣውን እስከሚያስጨንቅ ጋዝ ለመጨመር የሚገደደው ብዙውን ጊዜ መብራቱን አስቀድሞ ከልክ በላይ ስላጎላው ነው።

ወደ ዓሣው ገላ እንግባ። ውሃ በመጠኑ ሲለካ ከአየር ጋር ሲነጻጸር ኦክስጅን የሚይዘው አንድ ሠላሳኛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ዓሣ ትንሿን ኦክስጅን ለማግኘት እጅግ ብዙ ውሃ በስንጥቡ ያሳልፋል፤ ያ ሁሉ ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ጠርጎ ይወስድለታል። በሰው የደም ሥር ውስጥ የዚህ ጋዝ ግፊት 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ሲሆን በዓሣ ደም ግን ከ2 እስከ 4 ብቻ ነው። ጋዙ ከደም ወደ ውሃ የሚወጣው በደሙ ውስጥ ያለው ግፊት በውሃው ካለው ሲበልጥ ነው። አፍቃሪዎች እንደ ልክ የሚጠቅሱት በሊትር 30 ሚሊግራም በ25 ዲግሪ ሲሰላ ወደ 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። እንግዲህ መንገዱ ይዘጋል፤ የዓሣው ደም ከውሃው በላይ እስኪሆን ድረስ ጋዙ ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ደሙም ኮምጣጣ ይሆናል።

የኮመጠጠ ደም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ዴንማርካዊው ክርስቲያን ቦር በ1904 ከባልደረቦቹ ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ሄሞግሎቢን ኦክስጅንን እንደሚለቅ አሳየ። በብዙ ዓሦች ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ሩት የተባለው ተመራማሪ በ1931 እንዳመለከተው ደማቸው ሲኮመጥጥ ኦክስጅን ዙሪያቸውን ሞልቶ እንኳን ሄሞግሎቢናቸው እስከ ጫፍ አይሞላም። የቴትራዎቹ እንቆቅልሽ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉ ላይ የተንጠለጠለው አረፋ ኦክስጅን መኖሩን እንጂ ዓሣው መጠቀም መቻሉን አያሳይም።

ያም ሆኖ ዓሣ መላ አለው። በስንጥቡ በኩል ክሎራይድን እየሰጠ ባይካርቦኔትን ያስቀራል፣ የደሙን ኮምጣጣነትም ያስተካክላል። ይህ ግን ሰዓታትን፣ አንዳንዴ ቀናትን የሚወስድ ሥራ ነው። ስለዚህ ቀስ በቀስ ከፍ ያለን መጠን የሚችል ዓሣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሽቅብ በወጣ መጠን ሊሞት ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው የመጠኑ ከፍታ ብቻ ሳይሆን የመጨመሪያው ፍጥነትም ነው።

በመጠን ደረጃ የተለካው መረጃ በአብዛኛው የመጣው ለምግብ ከሚረቡ ዓሦች ነው። በኖርዌይ ለሳልሞን ጫጩቶች የሚመከረው ጣሪያ በሊትር 15 ሚሊግራም ነው። በ2019 የታተመ ጥናት ሳልሞኖችን ከ5 እስከ 40 ሚሊግራም ባሉ ስድስት መጠኖች አኑሮ ሲመዝን ጋዙ ከፍ ባለ ቁጥር ዕድገታቸው ቀንሷል፤ ክብደት በተሻለ ሁኔታ የጨመሩት በ5 ሚሊግራም የኖሩት ናቸው። ትራውት በሚባለው ዓሣ ላይ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ብዙ ጋዝ ያለበት ውሃ ኩላሊት ውስጥ የካልሲየም ክምችት እንዲበዛ እንደሚያደርግ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ኖርዌይ ሳልሞንን ከመታረዱ በፊት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ማደንዘዝን የከለከለችው ዓሣው ጋዙ ውስጥ ሲገባ በጭንቀት ስለሚወራጭ ነው።

ሳልሞን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው፤ ኦክስጅንም በብዛት ይፈልጋል። ከሪዮ ኔግሮ ጥቁርና ሞቃት ውሃ የመጣው ካርዲናል ቴትራ ወይም የአገራችን ቆሮሶ እንደ እሱ አይደለም። ወንዞችና ከመሬት በታች የሚመነጩ ጅረቶችም ብዙውን ጊዜ ከአየር ጋር ከተመጣጠነው መጠን በላይ ጋዝ ይይዛሉ። ስለዚህ የሳልሞንን ቁጥር ገልብጦ ለቴትራ ሕግ ማድረግ አይገባም። በሌላ በኩል ማጋነንም አይረዳም። ከባሕር አሲድነት ጋር በተያያዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የኮራል ዓሦችን ጠባይ እንደሚያዛባ የሚገልጹ ብዙ ሥራዎች ወጥተው ነበር፤ በ2020 ኔቸር መጽሔት ላይ የታተመ ሰፊ ድጋሚ ሙከራ ግን ያንን ውጤት አላገኘም። ስለ ዓሣ ደህንነት የሚቆረቆር ሰው በጸና መረጃ ላይ ቢቆም ክርክሩ ይጠነክራል።

ዓሣ ሕመም ይሰማዋል ወይ የሚለው ጥያቄም ወደ ጎን ሊገፋ አይችልም። ብሪታንያዊቷ ሊን ስኔደን በ2003 ከባልደረቦቿ ጋር ትራውት ጉዳት የሚለዩ የነርቭ ጫፎች እንዳሉት አሳየች። የእንግሊዝና የዌልስ የ2006 የእንስሳት ደህንነት ሕግ ዓሣን ጨምሮ አከርካሪ ያላቸውን የቤት እንስሳት ሁሉ ይጠብቃል። የስዊዘርላንድ የ2008 ደንብ አኳሪየም ከሁሉም አቅጣጫ እንዳይታይና ዓሦቹ የቀንና የሌሊት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያዛል። ዓሣ እንደ ገንዳው ጌጥ ብቻ የሚቆጠርበት ዘመን በሕግም አልፏል።

አፍቃሪዎቹ ታዲያ ልኩን በምን ይለካሉ? በብዛት የሚታየው ገንዳው ውስጥ የሚንጠለጠል ትንሽ ጠቋሚ ብልቃጥ ነው። ውስጡ የካርቦኔት ጥንካሬው 4 ዲግሪ የሆነ ውሃና ብሮሞታይሞል ብሉ የሚባል ቀለም አለ። ሰማያዊ ከሆነ ጋዙ አነሰ፤ አረንጓዴ ከሆነ ወደ 30 ሚሊግራም ደረሰ፤ ቢጫ ከሆነ በዛ ማለት ነው። ብልቃጡ ቀላልና ርካሽ ነው፣ ሆኖም ሁለት ድክመቶች አሉበት። አንደኛ፣ ይዘገያል፤ አሁን የሚያሳየው ከአንድና ሁለት ሰዓት በፊት የነበረውን ነው። ሁለተኛ፣ የሚነበበው በዓይን ነው። የካርቦኔት ጥንካሬንና ፒኤችን፣ ማለትም የውሃውን የአሲድነት መለኪያ፣ ከጋዙ መጠን ጋር በሚያያይዘው ስሌት መሠረት አረንጓዴው ማለት ፒኤች 6.6 ነው። አንባቢው በቀለሙ 0.2 ብቻ ቢሳሳት እውነተኛው መጠን 19 ወይም 48 ሚሊግራም ሊሆን ይችላል። በ19 እና በ48 መካከል ያለው ልዩነት ለዓሣው የምቾትና የመታፈን ልዩነት ነው።

ፒኤችን ብቻ አይቶ መፍረድም ያሳስታል። ፒኤች 7 የሆነ ውሃ የካርቦኔት ጥንካሬው 2 ዲግሪ ከሆነ የያዘው ጋዝ 6 ሚሊግራም ያህል ነው፤ 10 ዲግሪ ከሆነ ግን 30 ይደርሳል። ይህ ለኛ አገር ሰው ባዶ ሒሳብ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚወጣው የጉድጓድ ውሃ በባይካርቦኔት የበለጸገ ስለሆነ፣ ውሃው ለስላሳ በሆነበት አገር የተጻፈውን የፒኤች ምክር እንዳለ የሚከተል ሰው ሳያውቀው ዓሣውን ሊያፍን ይችላል።

በስፋት የሚነገር አንድ ስሕተት እዚህ ላይ ይታረም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲገባ ኦክስጅንን ከውሃው ያስወጣል ይባላል። አያስወጣም፤ ሁለቱ ጋዞች ውሃ ውስጥ ጎን ለጎን ይሟሟሉ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከፍ ሊሉ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ዝቅ ሊሉ ይችላሉ። ይህን ያልተረዳ ሰው ጋዙ እንዳይባክንበት የውሃውን ገጽ ጸጥ ያደርጋል፣ የማጣሪያውን መውጫም ወደ ታች ይቀብራል። ያን ጊዜ ሌሊት ኦክስጅን የሚገባበት በር ይዘጋል። ተክልም ቢሆን በጨለማ ኦክስጅን ይወስዳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያወጣል። ሲነጋ ዓሦቹ የሚጠብቃቸው በሁለት በኩል የከፋ ውሃ ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች የውሃው ገጽ በግልጽ እንዲንቀሳቀስ ያደርጋሉ፤ ጋዝ ትንሽ ቢባክንም መጠኑ ቀኑን ሙሉ ሳይዋዥቅ ይቆያል፣ ኦክስጅኑም ይሞላል። ጋዙን መብራቱ ከሚበራበት ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው ይከፍታሉ፣ ከመጥፋቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ይዘጋሉ።

ብዙው ሞት የሚመጣው በአደጋ ነው። ሲሊንደር ውስጥ ያለው ጋዝ በአብዛኛው ፈሳሽ ስለሆነ ፈሳሹ እስኪያልቅ የግፊት መለኪያው በክፍሉ ሙቀት 57 ባር አካባቢ ቆሞ ይቆያል። ፈሳሹ ሲያልቅ ግፊቱ መውረድ ይጀምራል፤ የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው ባለ አንድ ደረጃ ሬጉሌተር ደግሞ የመግቢያው ግፊት ሲወርድ የመውጫውን ከፍ ያደርጋል። በሰከንድ አንድና ሁለት ይል የነበረው አረፋ ሳይታሰብ ጅረት ይሆናል። መለኪያው መውረድ ሲጀምር ሲሊንደሩን መቀየር ወይም ባለ ሁለት ደረጃ ሬጉሌተር መግዛት ይህን አደጋ ያስቀራል።

በኢትዮጵያ ደጋ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች ይታሰቡ። የመጀመሪያው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በባሕር ጠለል 25 ዲግሪ ውሃ በሊትር ከ8 ሚሊግራም በላይ ኦክስጅን ሲይዝ አዲስ አበባ ላይ ወደ 6 ይወርዳል። በጃፓን ወይም በጀርመን ባሕር ዳርቻ የተፈተነ የ30 ሚሊግራም ልክ እዚህ ሲመጣ ዓሣው የሚቋቋምበት ትርፍ ኦክስጅን አስቀድሞ ተቀንሷል። ጣሪያው ዝቅ ማለት አለበት።

ሁለተኛው መብራት መጥፋቱ ነው። ሲሊንደር ውድ ስለሆነ ብዙ ጀማሪ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ስኳርና እርሾ በጥብጦ ጋዙን በቱቦ ይወስዳል። ሥራው ከጠላ ድፍድፍ አይለይም፤ እርሾው ስኳሩን እየበላ ጋዝ ይሰጣል። ግን ጠርሙሱ መክፈቻና መዝጊያ የለውም። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሶሌኖይድ የሚባል የኤሌክትሪክ መዝጊያ የተገጠመለት ሲሊንደር ራሱን ይዘጋል፤ የእርሾው ጠርሙስ ግን ማጣሪያው ቆሞ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ ተክሉም ጋዝ መውሰድ አቁሞ ሌሊቱን በሙሉ ይንቆረቆራል። እንዲህ ያለ ጠርሙስ ያለው ሰው ማታ ማታና መብራት ሲጠፋ ቱቦውን ከውሃው ያውጣው። ቱቦውን ቋጥሮ መዝጋት ግን ጠርሙሱን ያፈነዳል።

ጋዝ የማያስፈልግበት መንገድም ሰፊ ነው። አሜሪካዊቷ ዳያና ዋልስታድ በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ ከጠጠሩ ሥር ተራ አፈር አንጥፎ ተክል ማሳደግን አስተማረች። አፈሩ ሲበሰብስና ዓሦቹ ሲተነፍሱ የሚወጣው ጋዝ ይበቃል፤ እኩለ ቀን ላይ መብራቱን ለጥቂት ሰዓታት ማጥፋት ደግሞ ያለቀው ጋዝ እንዲተካ ያደርጋል። አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርንና ክሪፕቶኮሪን በትንሽ ብርሃን ይኖራሉ። ቫሊስኔሪያ ካርቦኑን ከባይካርቦኔት መውሰድ ስለሚችል ለስምጥ ሸለቆው በባይካርቦኔት የበለጸገ ውሃ ይስማማል። ምንጣፍ መስለው መሬቱን የሚሸፍኑትና ደማቅ ቀይ የሆኑት ተክሎች ግን ያለ ጋዝ እምብዛም አያምሩም። በገበያ ፈሳሽ ካርቦን እየተባለ የሚሸጠው ደግሞ ከግሉታራልዴሃይድ ዘር ነው፤ ግሉታራልዴሃይድ ሆስፒታሎች መሣሪያ የሚያመክኑበት ኬሚካል ስለሆነ ከታዘዘው በላይ ሲጨመር ዓሣንም ሽሪምፕንም ይጎዳል።

ይህን ሁሉ መርምሮ የሚፈርድ ሰው የሚደርስበት ግልጽ ነው። 30 ሚሊግራም ሕግ አይደለም፣ ሊደረስበት የሚገባ ግብም አይደለም። መብራቱን መቀነስ ጋዝ ከመጨመር ይቀድማል። ጋዝ የሚጨምር ሰው በየጥቂት ቀናቱ ትንሽ ትንሽ እያደረገ፣ ያውም ቤት በሚውልበት ቀን ይጨምር። ጠቋሚው አረንጓዴ ሳይሆን ተክሉ በደህና ካደገ እዚያው ይቁም። ጣሪያውን የሚወስነው ዓሣው ነው፤ ከቀኑ መጨረሻ አካባቢ፣ ጋዙ ከፍተኛ በሚሆንበት ሰዓት ይታያል። በምግብ ሰዓት የማይመጣ፣ ቀለሙ የፈዘዘ፣ ጥግ የያዘ፣ ስንጥቡን ቶሎ ቶሎ የሚያርገበግብ ዓሣ በዝቶብኛል እያለ ነው። እንደ አምባዛ አየር ከላይ መሳብ የሚችሉት ቤታና ጎራሚ ወደ ገጽ መውጣታቸው ልማዳቸው ስለሆነ ምልክቱን ሊሸፍኑ ይችላሉ፤ በእነሱ ብቻ አይፈረድም።

ገንዳ ያላችሁ አንባቢዎች ሆይ፣ ዛሬ ማታ መብራቱ ሳይጠፋ አንድ ዓሣ መርጣችሁ ስንጥቡ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚከፈት ቁጠሩ። ነገ ጠዋት ጋዙ ከመከፈቱ በፊት በዚያው ዓሣ ላይ ቆጠራውን ድገሙት። የማታው ከጠዋቱ በግልጽ ከበለጠ ጋዙን ቀንሱ፣ የውሃውን ገጽ አንቀሳቅሱ። ወደ ላይ ወጥተው ሲያጣጥሩ ካገኛችኋቸው ግን መቁጠሩን ትታችሁ ጋዙን ወዲያው ዝጉ፣ የአየር ፓምፑን ክፈቱ፣ ከውሃውም ጥቂቱን ቀይሩ። በጊዜ ከተደረሰላቸው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋሉ።